ሚስታቸው የጠፋችባቸው እንግዳ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበረኝ። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ከመሃል ለሁለት ከፍዬ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን እጽፍበታለሁ። አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ። ዋተር፦ ውሃ። ስፕሪንግ፦ ምንጭ። ሎስት፦ የጠፋ። ሆም፦ ቤት። በቀን ሃያ ቃል ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ደብተሩ ሲሞላ ከትራሴ ሥር አስቀምጬው ነበር የምተኛው። ቃላቱ ሌሊት ወደ ጭንቅላቴ የሚገቡ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

መቱ ላደገ ሰው ይህ የሚገርም አይደለም። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ገበያ አማርኛ፣ ጸሎት ቤት ሁለቱንም እያቀላቀልን እንናገራለን። እንግሊዝኛ የሚኖረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የኦሮሚያ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣቸዋል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ መስከረም ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። እኔም በዚያ መስከረም ከተደናገጡት አንዱ ነበርኩ። ደብተሩ የድንጋጤዬ መድኃኒት ነበር፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ኩራቴ ሆነ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ በአጥቢያችን "እንግሊዝኛ የሚያውቀው ልጅ" ተባልኩ። በዚያ ዓመት አንድ አዛውንት የውጭ አገር እንግዳ ከመቱ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ለአገልግሎት መጡ። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ በወባ ተይዞ መቱ ቀረ። እሑድ ጠዋት ወንጌላዊው ከዘማሪያኑ መካከል ጠርተው፣ "አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። እንዴት ባለ ድምፅ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መድረክ ላይ ሦስት ሆነን ቆምን። እንግዳው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ጎኔ የቆመው ጓደኛዬ ደግሞ የእኔን ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሳል። ሰላምታው በሰላም አለፈ። እንግዳው ኢትዮጵያን እንደሚወዱ፣ መንገዱ ረጅም እንደነበረ፣ ቡናችን ጣፋጭ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን ሁሉ አማርኛ አደረግሁት። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

ከዚያ እንግዳው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አይ ሎስት ማይ ዋይፍ ላስት ስፕሪንግ" አሉ።

"ሎስት" እና "ላስት" ጆሮዬ ውስጥ ተጋጩ። ግን ደብተሬ አለልኝ። ሎስት፦ የጠፋ። ላስት፦ የመጨረሻ። ስፕሪንግ፦ ምንጭ። "ባለቤቴ መጨረሻ ላይ ያለው ምንጭ ጋ ጠፋችብኝ" አልኩ። ጓደኛዬ ተቀበለኝና ስህተቴ በሁለት ቋንቋ ወረደ።

ጉባኤው "ውይ!" አለ። ይህን አባባል ሌላ አገር ብትሰሙት ግራ ያጋባችሁ ይሆናል። ኢሉባቦር ውስጥ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም። ሴቶች እንስራ አዝለው ጫካ ለጫካ ወደ ምንጭ ይወርዳሉ፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከዛፉ ጋር ሲገጥም መንገዱን የለመደ ሰው እንኳ ይስታል። ስለዚህ ሁሉም በየልቡ ያችን ሴት በጉም ውስጥ አያት። አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

እንግዳው ቀጠሉ፤ "በት ሺ ኢዝ ሆም ናው።"

ይሄማ የሕፃን እንግሊዝኛ ነው። "አሁን ግን ቤት ናት!" አልኩ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። "ሃሌሉያ! ጌታ ይመስገን!" ያልተነሣ ሰው አልነበረም። ከበሮ ሁሉ ተመታ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ጉባኤውን ከግራ ወደ ቀኝ አዩት፤ ከዚያ "ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ" እያሉ ዐይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ ይህን የደስታ እንባ ብዬ ቆጠርኩት።

ከአምልኮ በኋላ ትከሻዬን ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ። "ፒፕል" ሲሉ ሰማሁ፤ "ፌይዝ" ሲሉ ሰማሁ። ሌላው አመለጠኝ። "የስ፣ የስ" አልኩ።

ምሳ በወንጌላዊው ቤት ነበር። የሴቶች ጸሎት መሪ የነበሩ እማማ ዶሮውን እያቀረቡ፣ "ልጄ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። ስንት ቀን ጠፍተው ከረሙ? ማንስ አገኛቸው?" አሉኝ። እኔም "ሃው ሜኒ ደይስ ዩር ዋይፍ ሎስት? ሁ ፋይንድ?" አልኩ። እንግዳው ጉርሻቸውን እንደያዙ አዩኝ። ግራ ሲገባቸው ታየኝ። ከኪሳቸው ቦርሳ አወጡና ከውስጡ ትንሽ ፎቶ ሰጡኝ፤ ነጭ ጸጉር ያላት፣ የአትክልት መኮትኮቻ የያዘች ሴት። ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ተጽፈዋል፤ በመካከላቸው ሰረዝ። ሁለተኛው ያለፈው ዓመት ነው። እንግዳው ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ "ሺ ዳይድ" አሉኝ።

ያ ቃል ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነበር።

"ምን አሉ?" አሉ እማማ።

ሁሉም ያየኛል። እናቴም አለች። "ጌታ ይመስገን ይላሉ" አልኩ። ወደ እንግዳው ዞሬም፣ "ሺ ሴይ ጎድ ብለስ ዩ" አልኩ። የመድረኩ ስህተት የአለማወቅ ነበር። ይሄኛው ግን የአለማወቅ አይደለም፤ ይህንን ከዚያኛው ጋር ደባልቄ ብነግራችሁ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ሌሊቱን አልተኛሁም። የነገሩኝን ረጅም ንግግር ከሰማኋቸው ቃላት እየቀጠልኩ በጨለማ ገጣጠምኩት። ባለቤቴ ሞተች ስላቸው የአገሬ ሰዎች ወሬ ይቀይራሉ፤ እናንተ ግን ወደ ጌታ ሄደች ስላችሁ እልል አላችሁ፤ እንዲህ ያለ እምነት አይቼ አላውቅም፤ ያሉኝ ይህን ነበር። እኔ ደግሞ "የስ፣ የስ" ብያለሁ። የበለጠ ያስጨነቀኝ ስህተቴ አጽናንቷቸው መሄዱ ነው። ዝም ብል ማን ይጎዳል? እስከ ዶሮ ጩኸት ድረስ ይህንኑ ሳመላልስ ነበር።

እዚያው ተኝቼ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አማርኛ ለእንግዳው ሐዘን ትክክለኛ ቃል ነበረው። "እናቱን ያጣ ልጅ" ሲባል ልጁ ገበያ መካከል ከእናቱ የተለየ የሚመስለው የለም። "አጣኋት" ብል ኖሮ ጉባኤው በሙሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። "ሎስት" ሁለቱንም ይሸከማል፤ መዝገበ ቃላቱም ሁለቱንም ጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ለደብተሬ የሚበቃውን የመጀመሪያውን ብቻ ቀዳሁ። "ሆም"ም ቢሆን እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛስ በቀብር ላይ "ወደ ቤቱ ተሰበሰበ" ስንል በየትኛው መኪና ብሎ የሚጠይቅ አለ? "ስፕሪንግ" ደግሞ ምንጭም ነው፣ በእነሱ አገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ ያለው ወቅትም ነው፣ እኛ "ሞላ" የምንለው የፍራሽ ሽቦም ነው። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ፈንቅሎ መውጣትን፣ መዝለልን የሚያሳይ ነው። ውሃው ከመሬት ይፈነቅላል፣ ቡቃያው በወቅቱ ይፈነቅላል፣ ሽቦው ሲጫኑት ይዘላል። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሦስቱን በአንድ ጊዜ እይዛቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወንጌላዊው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው፣ "ለእማማ እኔ እነግራቸዋለሁ። ለሰውየው ግን አንተው ንገራቸው" አሉኝ።

እንግዳው ሻንጣቸውን ዘግተው መኪናውን ይጠብቁ ነበር። "ዜይ ዲድ ኖት ኖው። አይ ሴይ ሮንግ" አልኳቸው። የሚሰባበረው እንግሊዝኛዬ ብቻ አልነበረም፣ ድምፄም ነበር። ምን ቃል እንደተጠቀምኩ ጠየቁኝ። ጠፋች፣ ምንጭ፣ ቤት፤ አንድ በአንድ በእጄ ጭምር እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ጉሙን ሳስረዳቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ሳይጨርሱት ወደ ሌላ ተለወጠ። በኋላ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ትክክለኛውን ቃል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። በራሳቸው ፊደል ጻፉት። ደጋግመው አሉት። "ጣ" እምቢ አለቻቸው።

ይህን እያልን ሳለ እማማ ከአምስት እናቶች ጋር በበሩ ገቡ። ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነው። ማንም ምንም አልተናገረም፤ አግዳሚው ላይ ተራ በተራ ተቀመጡ። እንግዳው ወደ ማስታወሻቸው አይተው፣ "አታኋት" አሉ።

እማማ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ያዙ። "አይዞዎት" አሏቸው። እንግዳው እሑድ ያላለቀሱትን ያኔ አለቀሱ። ቡና ተፈላ። ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል የተባለው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣ። ሊሳፈሩ ሲሉ "አይዞዎት" ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዛሬ እኔው መምህር ሆኛለሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ በመቱ በአጥቢያችን አዳራሽ ለልጆች እንግሊዝኛ እናስጠናለን። ልጆቹ ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው ይመጣሉ፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ምናልባት ከደም ጋር የሚወረስ ነገር ነው። እኔ ግን ለአንድ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ እንዲሰጡ አደርጋለሁ። ቃሉን የት እንደሰሙት፣ ማን ለማን እንዳለው፣ ሌላ ቦታ ሲያገኙት ደግሞ ምን እንደሆነ ይጨምሩበታል። ደብተር ቶሎ ያልቃል፤ ወላጆች ያጉረመርማሉ።

ስህተቶቻቸውን እወዳቸዋለሁ፤ ከሰማይ የወረደ ስህተት የለም። "ሂ ለርንድ ሚ" የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ አልቆጣም። በአማርኛ "ተማረ" እና "አስተማረ"፣ በአፋን ኦሮሞም እንዲሁ፣ ከአንድ ሥር ይወጣሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ለመማር አንድ ቃል፣ ለማስተማር ሌላ ቃል አለው። መበደርና ማበደርም እንደዚያው። ልጁ የራሱን ቋንቋ ሥርዓት ነው የተከተለው። ይህ ሲነገረው ፊቱ ይፈታል፣ ሁለተኛም አይሳሳትም። አንድ ጊዜ ደግሞ "ሉክ አፍተር ዩር ብራዘር" የሚለውን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ወንድምህን ከኋላው እየው" ብሎ ተረጎመው። ሌሎቹ ሳቁበት። እሱ ግን ተሟገተ፦ "እኔ ወንድሜን ስጠብቅ እሱ ፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ አየዋለሁ።" "መጠበቅ፣ መንከባከብ" ብዬ ብጽፍም የእሱ መልስ እዚያው ገጽ ላይ እንዲቀር አድርጌያለሁ።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ ግን "ዩ" ናት። ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ አያቴን በእንግሊዝኛ አንቺ ልላት ነው?" አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። በአማርኛ "እርስዎ" አለን፣ በአፋን ኦሮሞ "ኢሲን" አለን፤ እንግሊዝ ግን አያቱንም ውሻውንም "ዩ" ይላል። ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። "ዩ" በጥንቱ የብዙዎች መጠሪያ ነበር፣ "እናንተ"። ለአንድ ሰው፣ ለቅርብ ሰው የሚባለው "ዛው" ነበር። ቀስ በቀስ ሰዎች አንዱንም ሰው ለአክብሮት "ዩ" ማለት ጀመሩ፤ አክብሮቱ ሲበዛ "ዛው" ከአፍ ጠፋች። ስለዚህ እንግሊዞች የጣሉት "አንተ"ን እንጂ "እርስዎ"ን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰዎች ሲጸልዩ እግዚአብሔርን የሚጠሩት በ"ዛው" ነው፤ እኛ "አንተ" እንደምንለው። ልጅቷ ጥቂት አስባ፣ "እንግዲያው ውሻቸውንም እርስዎ ነው የሚሉት" አለች። ከዚያ በላይ የማስረዳው አልነበረኝም።

ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ብቻ አትዩብኝ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ዘጠኝ መቶ ሺህ ገደማ ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን የፊዚክሱን ጥያቄ ለመመለስ መጀመሪያ ማንበብ አለብህ። ጥያቄው ሳይገባው መልስ ያጠቆረ ልጅ፣ መድረክ ላይ "የስ፣ የስ" ያለው እኔ ነኝ።

ከመቱ ወደ በደሌ የሄደ ሁሉ በሁሩሙ ያልፋል። ልጆቹ ሁሩሙን የሚያውቁት ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ እዚያ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን ሂካ አሉት፤ ተርጓሚ ማለት ነው። በአራት ዓመቱ ገደማ ተሰረቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የምንለው እሱ ነው። የኦሮሞኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም ስሙ እውነት ሆነ። ግን ብቻውን አልሠራውም። ከቋንቋው አገር ተነጥቆ ያደገ ሰው ቃል ሊያጥረው ይችላል፤ እሱም ማጠሩን አልደበቀም። አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት፣ ቃላቱን ሰበሰበችለት። ለጀማሪ አንባቢዎች እ.ኤ.አ. በ1894 ያወጡት መጽሐፍ የቃላት ዝርዝር ብቻ አልነበረም። አስቴር ከልጅነት ትዝታዋ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጽፋ ነበርና ብዙው እዚያ ገባ። ቃሉ ከነቤቱ መጣ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዋናው የገረማቸው ሌላ ነው፦ "ሁሩሙ? የእኛዋ ሁሩሙ?"

ባለፈው ቅዳሜ በሰሌዳው ግራ በኩል ቃል የሚያወጡት ልጆቹ ነበሩ፤ እነሱ የአማርኛውን ይላሉ፣ እኔ የእንግሊዝኛውን እፈልጋለሁ። ያ ከወንድሙ ኋላ የሚሄደው ልጅ "አይዞህ" አለ። ጻፍኩት። በቀኝ በኩል ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። አንዷ "ዶንት ክራይ" አለች። "ያላለቀሰስ ሰው?" አላት ልጁ። "ቢ ስትሮንግ" ተባለ። "እሱ ቁጣ ይመስላል" ተባለ። "ሶሪ" ያለም ነበር። ሁሉንም ሰሌዳው ጥግ ላይ በትንንሹ ጻፍኳቸው፤ ከ"አይዞህ" ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ግን ማንም እንድነካው አልፈቀደም። "አላውቅም፤ እንጠይቃለን" አልኳቸው። ማንን እንደምንጠይቅ እየተከራከርን ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና መደማመጥ ስላልቻልን ትምህርቱ በዚያው ቆመ።